የላይኛው ጨርቅ ለምን ይሸበሸባል?

ጥያቄ፦ በእግር የሚረገጥ የድሮ ሲንጀር አለኝ። የጥጥ ቁርጥራጭ ገጣጥሜ፣ መሃሉ ባዘቶ ያለበት ብርድ ልብስ ጀምሬያለሁ። ረድፎቹ አልገጥም አሉኝ፤ ሦስቱን ድርብ ስሰፋ ደግሞ የላይኛው ጨርቅ ይሸበሸባል። አዲስ መኪና ልግዛ?

መልስ፦ ለመገጣጠሙ አይግዙ። ቀጥ ብሎ ብቻ የሚሰፋ ሲንጀር የመርፌ ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ የጨርቁን ጫፍ ወደ ታች አይውጥም። ለዚህ ሥራ ከብዙ አዳዲሶች ይሻላል።

ረድፉን የሚያበላሸው የስፌቱ ትርፍ ነው። ከጨርቁ ጫፍ እስከ መርፌው ሁልጊዜ 6 ሚሊ ሜትር ይሁን። ይህ ርቀት በ1 ሚሊ ሜትር ቢበልጥ እያንዳንዱ ስፌት 2 ሚሊ ሜትር ተጨማሪ ይበላል፤ 8 ቁራጭ ያለው ረድፍ 7 ስፌት ስላለው 14 ሚሊ ሜትር ያጥራል። በ6 ሚሊ ሜትር ርቀት መኪናው ላይ ፕላስተር ለጥፈው ጨርቁን በእሱ ልክ ያስኪዱ። ስፌቱን ሳይተኩሱ ወደሚቀጥለው ፈጽሞ አይለፉ።

መሸብሸቡ የሚመጣው የታችኛው ጥርስ የታችኛውን ጨርቅ ሲስብ፣ ጨርቁን ከላይ የሚረግጠው የመኪናው እግር የላይኛውን ስለሚይዘው ነው። ከእግሩ ዘንግ አናት ያለውን ብሎን ጥቂት ያላሉ። ሦስቱን ድርብ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ወስውሰው፣ በ90 ቁጥር መርፌና በ3 ሚሊ ሜትር እርምጃ ከመሃል ወደ ዳር ይስፉ። ካልበቃ የላይኛውንም ጨርቅ የሚስብ ተራማጅ እግር ይግዙ፤ የእግር ማሰሪያው ቁመት ስለሚለያይ የድሮውን እግር ይዘው ይሂዱ።

አዲስ መኪና ይበልጥ የሚጠቅምዎ አበባና ጥምዝ በነፃ እጅ፣ ማለትም ጨርቁን ራስዎ በእጅ እያንቀሳቀሱ፣ መስፋት ከፈለጉ ነው። ያኔ ጥርሱ ወደ ታች የሚወርድ፣ ከመርፌው በስተቀኝ ሰፊ ቦታ ያለው ይምረጡ።