ቆብ በስድስት ሳምንት አይደፋም

ልጆቼ፣

በአእምሮ ሕክምና ነርስነት 31 ዓመት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። መስከረም ላይ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ በር ሻንጣችሁን እየጎተታችሁ ስትገቡ ሳይ የእህቴ ልጅ ትዝ ትለኛለች።

እሷም እንደናንተ ነበር የመጣችው። በመጀመሪያው ሴሚስተር አባቷ ሞተ፤ ውጤቷም ወረደ። ሐዘኗን ለዶርም ጓደኞቿ መንገር ከበዳት። በዚያው ሰሞን ከአንድ የእምነት ቡድን የመጡ ሁለት ሴቶች አገኟት። ስለ እምነት አንድም ቃል አላነሱም። ቡና አፈሉላት፤ ስታለቅስ አብረዋት አለቀሱ። እናንተም ከምንም በፊት ይህን እወቁልኝ፤ በሥራዬ ካገኘኋቸው አብዛኞቹ ወደ እንዲህ ያለው ቡድን የገቡት በከፋቸው ቀን የሚያጽናና ሰው አግኝተው ነው። ሞኝ ስለሆኑ አይደለም።

ከዚያ የሌሊት ጸሎት መጣ፤ ከዚያ ረጅም ጾም። እንቅልፍ ያጣና የተራበ ሰው የሚነገረውን መመዘን ያቅተዋል። በስድስት ሳምንት ትምህርቷን ተወች፤ የአንገት ሐብሏን ሸጣ ገንዘቡን ሰጠች።

ከጣና ገዳማት ወደ አንዱ ሄዳችሁ «ልመንኩስ» ብትሉ በስድስት ሳምንት ቆብ የሚደፋላችሁ የለም። አመክሮ አለ። ውኃ ትቀዳላችሁ፣ እንጨት ትለቅማላችሁ፣ ትታዘዛላችሁ፣ ትፈተናላችሁ፤ ልባችሁ ካልቆረጠ ወደ ቤታችሁ ትመለሳላችሁ። «ዛሬውኑ ወስን፣ ለቤተሰብህ አትንገር» የሚላችሁን ሰው ከዚህ ጋር አስተያዩት።

ከገቡ በኋላ መውጣቱ ለምን ይከብዳል? እ.ኤ.አ. በ1954 አሜሪካ ውስጥ ዓለም በጎርፍ ትጠፋለች ብሎ ቀን የቆረጠ አንድ ትንሽ ቡድን ነበር። ሊዮን ፌስቲንገር የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ቡድኑን ከውስጥ ሆኖ ተከታተለው። ቀኑ አለፈ፤ ጎርፍም አልመጣም። ተመራማሪዎቹ እንደጻፉት፣ ሥራቸውን ትተው አብረው ሲጠብቁ ካደሩት የብዙዎቹ እምነት ይባስ ጠነከረ። በየቤታቸው ለብቻቸው የጠበቁት ግን ተዉት። ብዙ የከፈለ ሰው «ተሳስቻለሁ» ማለት ያቅተዋል፤ አጠገቡ ያሉት ሁሉ እንደሱ የከፈሉ ከሆኑማ ጭራሹን። የዚህ መጨረሻው ምን ሊሆን እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2023 በኬንያ ሻካሆላ ጫካ ታይቷል፤ ክርስቶስን ለማግኘት እስከ ሞት ጹሙ ከተባሉት ሰዎች መቃብር ከ400 በላይ አስከሬን ተቆፍሮ ወጣ። ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ።

አሁን ጥፋቴን ልንገራችሁ። የእህቴን ልጅ የወሰደው ቡድን የተከራየው ቤት ድረስ ሄጄ በሩን እየደበደብኩ ጮኽኩ፤ መሪያቸውን ሰደብኩ፤ እሷንም «አዋረድሽን» አልኳት። ለካ አስቀድመው «ዘመዶችሽ መጥተው ይሰድቡሻል፤ ያኔ እውነት ከእኛ ጋር እንደሆነ ታውቂያለሽ» ብለዋት ኖሯል። ትንቢታቸውን የፈጸምኩላቸው እኔ ነኝ። ሙያው የኔ ሆኖ ሳለ እንዲያ ማድረጌ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እህቴ ከኔ ተሻለች። በየእሑዱ ትደውላለች፤ አንዳንዴ ያገናኟታል፣ አንዳንዴ ይከለክሏታል። ስለ ሃይማኖት አትከራከርም። «በላሽ ወይ? ጉንፋንሽ ተሻለሽ?» ብላ ትዘጋለች። ሁለት ዓመት ሊሞላ ሲል እዚያ ቤት የአንዲቱ አባል ልጅ ወባ ይዞት ተንቀጠቀጠ። መድኃኒት መስጠት እምነት ማጉደል ነው ተባለ። የእህቴ ልጅ ሕፃኑን አዝላ ወጣች፤ ባጃጅ ይዛ ጤና ጣቢያ አደረሰችው። እዚያው በረንዳ ላይ ሆና በሰው ስልክ ለእናቷ ደወለች። ቁጥሩ ከአእምሮዋ አልጠፋም ነበር።

ከወጣችም በኋላ ብዙ ወራት ሌሊት እየባነነች «መቅሠፍቱ መጣ» ትል ነበር። ከሁሉ የከበዳት ግን መምረጥ ነው፤ ምን ልልበስ፣ የት ልሂድ፣ ማንን ልመን። ሐይቁ ዳር ወስጃት «ምን ትበያለሽ?» ስላት ዓይን ዓይኔን እያየች ዝም ትላለች። አልመርጥላትም፤ እጠብቃለሁ። አስተናጋጁ ሁለት ሦስት ጊዜ መጥቶ ይመለሳል።

ወደ ፋሲካ ገደማ አንድ ቀን፣ ሳልጠይቃት፣ «ቆሮሶ ዓሣ፤ የተጠበሰ» አለችው።