መጋዘን ተከራይቶ እዚያው መሥራትና መኖር ያዛልቃል ወይ?

ጠያቂያችን፣ ከሠዓሊና ከቀራፂ ጓደኞችዎ ጋር ሆነው በከተማ ሰፈር ውስጥ ያለ አሮጌ መጋዘን ለመከራየት እንዳሰቡ፣ ውስጡንም ከፋፍላችሁ እዚያው እየሠራችሁ እዚያው መኖር እንደምትፈልጉ ገልጸው፣ ነገሩ ያዛልቅ እንደሆነና ከመፈረማችሁ በፊት ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ጠይቀዋል። እኔ በእንዲህ ዓይነት የጋራ ቤት ውስጥ ለዓመታት ኖሬም ሠርቼም ስለማውቀው ያየሁትን ልጻፍ። አብዛኛው መልስ ሰጪ ስለ ብርሃኑና ስለ ጣሪያው ከፍታ ነግሮዎታል፤ በእኔ እምነት ግን ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት የኪራይ ውሉ ነው።

እኛ ስንገባ መስኮቶቹ የተሰባበሩ፣ ጣሪያው የሚያፈስ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩም ያረጀ ነበር፤ ባለቤቱም ቤቱ ዝም ብሎ ተዘግቶ ከሚቀመጥ ጥቂት ኪራይ ቢያገኝበት ይሻለዋል ብሎ ሰጠን። መስታወቱን አስገባን፣ ጣሪያውን ደፈንን፣ ሽቦውን በባለሙያ አስቀየርን። ሥራችንን ለማየት የሚመጣው ሰው እየበዛ ሲሄድ ዙሪያው ደመቀ፣ ተዘግተው የነበሩ በሮችም አንድ በአንድ ተከፈቱ። ውሉ ሲያልቅ ባለቤቱ የጠየቀን የገባንበትን ቤት ኪራይ ሳይሆን ያደስነውን ቤት ኪራይ ነበር። ሰውየው ክፉ ሆኖ አይመስለኝም፤ የተፈራረምነው ወረቀት ይህን ከማድረግ የሚከለክለው አንድም ቃል አልነበረውም።

ይህ ዕጣ በትልልቆቹ ከተሞችም የታወቀ ነው። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ልጥቀስና፣ በኒው ዮርክ ሶሆ ሰፈር ፋብሪካዎች ሲለቁ ሠዓሊዎች ሰፋፊዎቹን ባዶ ፎቆች ያዙ፤ ሕጉ በዚያ መኖርን ስለማይፈቅድ ብዙዎቹ ተደብቀው ነበር የሚያድሩት። ከተማው በ1971 በሙያቸው ለተመዘገቡ አርቲስቶች እዚያ መኖርን ፈቀደ፣ በ1982 ደግሞ እንዲህ ባሉ ሕንፃዎች ውስጥ ለሚኖሩ ተከራዮች ከለላ የሚሰጥ ሕግ ወጣ። ይሁንና ሰፈሩ ከጊዜ በኋላ የውድ ልብስ መደብሮችና የባለሀብቶች መኖሪያ ሆነ። በበርሊን ታኽለስ የሚባለውን በከፊል የፈረሰ የገበያ ሕንፃ አርቲስቶች በ1990 ገብተው ከመፍረስ አድነውት ነበር፤ በ2012 የመጨረሻዎቹ እንዲወጡ ተደረገ። በአንጻሩ በዚያው በኒው ዮርክ የቀድሞው የቤል ስልክ ኩባንያ ላብራቶሪ ሕንፃ በ1970 ዌስትቤዝ በሚል ስም የአርቲስቶች መኖሪያ ሲሆን የያዘው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ስለነበር፣ ዙሪያው ያለው ሰፈር ሁሉ ሲወደድ እሱ ከ380 የሚበልጡ ቤቶቹን ዛሬም በመጠነኛ ኪራይ ለአርቲስቶች ይሰጣል። የፓሪሱ ላ ሩሽም በ1902 ቀራፂው አልፍሬድ ቡሼ ለድሃ አርቲስቶች ሲያቋቁመው እነ ሻጋልና ሱቲን የሠሩበት ነው፤ አሁንም ስቱዲዮ ነው። የቆዩትን ከተባረሩት የለያቸው የሥራቸው ጥራት ወይም የፍቅራቸው ጽናት ሳይሆን ሕንፃው በማን እጅ መሆኑ ነው።

እናንተ ሕንፃ መግዛት እንደማትችሉ እገምታለሁ፤ ስለዚህ በውሉ ውስጥ የምትችሉትን ያህል አስገቡ። ውሉ ስንት ዓመት እንደሚቆይና ሲያልቅ የማደስ ቅድሚያ የእናንተ መሆኑ፣ ኪራዩ በየስንት ጊዜው በምን ያህል ሊጨምር እንደሚችል፣ ባለቤቱ ቤቱን ቢሸጥ አዲሱ ገዢ ውሉን የሚቀበል መሆኑ፣ ለእድሳት ያወጣችሁት ገንዘብም በደረሰኝ ተይዞ ከኪራይ የሚቀነስ መሆኑ በጽሑፍ ይስፈር። በዚያ ማደር የተፈቀደ መሆኑም በግልጽ ይጻፍ፤ በቃል "ችግር የለም" ያለ አከራይ፣ ተቆጣጣሪ በመጣ ቀን እንደምትኖሩበት አላውቅም ሊል ይችላል። ከመካከላችሁ አንዱ ቢወጣ የእሱን ድርሻ ማን እንደሚከፍል ደግሞ እርስ በርሳችሁ ተፈራረሙ። ጓደኛሞች ስለሆናችሁ አያስፈልግም የሚል ካለ፣ እኔ ያየኋቸው የጋራ ስቱዲዮዎች የተበተኑት ከጠላት ጋር ተጣልተው አይደለም።

ሁለተኛው ነገር እሳት ነው፤ በዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ ብጽፍ አይቆጡኝ። በዘይት ቀለም የምትሠሩ ከሆነ የብሩሽ መጥረጊያ ጨርቃችሁን ተጠንቀቁ። የተልባ ዘይት የሚደርቀው በመትነን ሳይሆን ከአየሩ ኦክስጅን ጋር በመዋሐድ ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ ሙቀት ይወጣዋል። ጨርቁ ተዘርግቶ ከሆነ ሙቀቱ ይበተናል፤ ተጨማድዶ ከሌሎች ጋር ከተከመረ ግን መውጫ ያጣና ማንም ክብሪት ሳይጭር፣ ሁሉም በተኛበት ሰዓት ራሱን በራሱ ሊያቀጣጥል ይችላል። እኛ ጨርቆቹን ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ውስጥ ውሃ አስገብተን እናጠራቅምና ቀኑ ሳይመሽ ወደ ውጭ እናወጣቸው ነበር። የዘይት ቀለም ማቅጠኛው ተርፐንታይን ባለበት ክፍል መተኛትም አይገባም፤ ትነቱ ራስ ምታት ከማምጣቱ በላይ በቀላሉ ይቀጣጠላል። መኝታው በግድግዳ የተለየ፣ የራሱ መስኮትና የራሱ መውጫ ያለው ይሁን። በ2016 በአሜሪካ ኦክላንድ ከተማ አርቲስቶች ይኖሩበት በነበረ መጋዘን ውስጥ በሙዚቃ ዝግጅት መሐል እሳት ተነሥቶ 36 ሰዎች ሞተዋል፤ ቤቱ በዕቃ የተጨናነቀ፣ መውጫውም ያልተመቸ ነበር። በሶሆ ሳይቀር፣ ሰው እንደሚኖርበት የሚገልጽ ምልክት በሕንፃው በር ላይ ይለጠፍ የነበረው የእሳት አደጋ ሠራተኛ ፎቁ ባዶ ነው ብሎ እንዳያልፍ ነው።

ብርሃንን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም። ከምድር ወገብ በስተሰሜን ርቆ ለሚሠራ ሰው የሰሜን መስኮት ቀጥተኛ ፀሐይ እምብዛም ስለማያስገባ ቀኑን ሙሉ ብዙ የማይለዋወጥ ብርሃን ይሰጣል፤ ካልተገኘ ግን ጥሩ አምፖል ይተካዋል። ለቀራፂዎቹ ከዚያ የሚበልጠው የፍሳሽ ነገር ነው። ጀሶ የነካ እጅና ዕቃ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ከታጠበ፣ ጀሶው ቧንቧው ውስጥ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል፣ ከዚያ በኋላ የሚያወጣው ቧንቧውን ቆርጦ መቀየር ብቻ ነው። በባልዲ ታጥቦ ይደር፤ ጠዋት የጠለለው ውሃ ይደፋል፣ ከታች የረጋው ከቆሻሻ ጋር ይጣላል።

ጎረቤቶቻችሁን ሳይጠይቁዋችሁ በፊት ጠይቋቸው። ድንጋይ መፍጫና መቁረጫ የሚጮህበትን ሰዓት ቀድማችሁ ብትነግሯቸው፣ አቧራው ወደ ሰው መስኮት እንዳይሄድ ብታደርጉ፣ በዓመት አንዴም ስቱዲዮውን ከፍታችሁ መጀመሪያ ለሰፈሩ ሰው ብታሳዩ፣ ቅሬታ ሲኖር ለባለሥልጣን ከመክሰሳቸው በፊት በራችሁን ያንኳኳሉ። አንዲት ጎረቤታችን ለወራት ፊት ነስታን ኖራ፣ ቀራፂው ጓደኛችን የሠራውን የአንድ የሰፈር ሽማግሌ የፊት ቅርፅ ካየች በኋላ የመጋዘኑን ቁልፍ የምናስቀምጥባት እሷ ሆነች።

የውጭ ግድግዳ ላይ መሣል ካሰባችሁም የባለቤቱን ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ፤ ሥዕሉ ከመጥፋቱ በፊት ማሳወቂያ እንደሚደርሳችሁም ይጻፍ። በኒው ዮርክ ፋይቭ ፖይንትስ በሚባለው ሕንፃ ላይ የነበሩትን ሥዕሎች ባለቤቱ በ2013 በሌሊት ነጭ ቀለም ቢቀባባቸው፣ ፍርድ ቤት በ2018 ለ21 አርቲስቶች 6.75 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ወስኖበታል። ያ የሆነው ግን በዚያ አገር የ1990 የእይታ ሥነ ጥበብ ሠሪዎች መብት ሕግ ስላለ ነው፤ በየአገሩ ያለው ሕግ የተለያየ ስለሆነ የእናንተን ጠበቃ ይጠይቁ።

አከራዩ ለአንድና ለሁለት ዓመት ብቻ እሰጣለሁ ካለ ደግሞ ቤቱን ጨርሶ አትተዉት። ለሥራ ብቻ ተከራዩት፤ መኝታችሁን በሌላ ቦታ አድርጉ፤ ነቅላችሁ መውሰድ ከማትችሉት ነገር ላይ ገንዘብ አታውጡ። መደርደሪያውን በብሎን እሰሩት፣ ክፍሎቹንም ተነቃቃይ በሆነ ጣውላ ለዩ።