መልስ፦ «ከሕግ በታች ካልሆንን ዐሠርቱን ትእዛዛት ለምን እንጠብቃለን?»

ትእዛዛቱ ይጠበቃሉ፤ የሚጠበቁት ግን ለመዳን ሳይሆን ስለዳንን ነው። የጠቀሱት ሮሜ 6፥14 «ከሕግ በታች አይደላችሁም» ሲል ሕጉ ከእንግዲህ አይኰንናችሁም ማለቱ እንጂ መስረቅ ተፈቀደ ማለቱ አይደለም፤ ጳውሎስ ራሱ በቀጣዩ ቁጥር የእርስዎኑ ጥያቄ አንሥቶ «አይደለም» ብሎ ይመልሳል፣ በምዕራፍ 13 ደግሞ አታመንዝር፣ አትግደል፣ አትስረቅ፣ አትመኝ የሚሉትን ጠቅሶ በፍቅር ይጠቀልላቸዋል።

በዘጸአት 20ም ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው፤ እግዚአብሔር ከማዘዙ በፊት ሕዝቡን ከባርነት ቤት ማውጣቱን ይናገራል (ቁጥር 2ን ብዙዎቻችን ዘለን እናነባለን)።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ፦ በገላትያ 5፥4 ያለውን «ከጸጋው ወድቃችኋል» የሚለውን ቃል ኃጢአት በሠራ ሰው ላይ ሲጠቅሱት በጥናት ቡድኖች ደጋግሜ ሰምቻለሁ፤ የተነገረው ግን በመገረዝና በሕግ ሊጸድቁ ለፈለጉት ነው።