የእግረኛ መሻገሪያው ቁልፍ ይሠራል ወይስ ማባበያ ነው?

ሰላም እህቴ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከገባሽ ሦስት ወርሽ ነው። ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄጂ ዜብራው ጋ ያለውን ቁልፍ ትጫኛለሽ፣ ባለቤትሽ ደግሞ «ዝም ብለሽ ነው የምትደክሚው፣ የውሸት ነው» እያለ ይስቅብሻል። ማን ነው ልክ ብለሻል።

እንደ ቦታው ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። እኔ በዚሁ ጉዳይ ባስ ስላመለጠኝ ትንሽ ላስረዝመው።

የባለቤትሽ ወሬ ከኒውዮርክ የመጣ ይመስለኛል። እዚያ እውነቱን ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ኒውዮርክ ታይምስ እንደጻፈው፣ ከተማዋ ካሏት 3,250 ቁልፎች ከ2,500 በላይ የሚሆኑት አይሠሩም ነበር። መብራቶቹ በኮምፒውተር መመራት ሲጀምሩ ቁልፎቹ ሥራ ፈቱ፤ ነቅሎ ማንሳቱ ብዙ ወጪ ስላለው እዚያው ምሰሶው ላይ ቀሩ። የከተማዋ መሃል በሆነው ማንሃተን ውስጥ እግረኛ የሚጠፋበት ሰዓት የለም። ስለዚህ ሰው ተጫነ አልተጫነ መብራቱ በየዙሩ ለእግረኛ ይሰጣል።

እኔም ይህንን አንብቤ ነው የተሸወድኩት። መጀመሪያ ዋሺንግተን ዲሲ መሃል ፓርኪንግ ስሠራ ምንም ሳልነካ ነጩ ሰውዬ («ተሻገር» የሚለው ምልክት) ይበራልኝ ነበር። በኋላ ወደ ሜሪላንድ ቤት ቀየርኩ። ስድስት ሌን ያለው ሰፊ መንገድ፣ የባስ ማቆሚያው ከማዶ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ነው፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ እጄን ከኪሴ ማውጣት አስጠላኝ። «ይሄም ያው የውሸት ነው» ብዬ ቆምኩ። ከጎን መንገድ አንዲት መኪና መጣች። ወዲያው አረንጓዴ በራላትና ሄደች። የኔ ብርቱካናማ እጅ («ቁም» የሚለው ምልክት) ንቅንቅ አላለም። ሌላ መኪና መጣች፣ እሷም ሄደች። እጁ አሁንም እንደተዘረጋ ነው። ባሴ ከማዶ መጣ፣ በሩን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ሄደ። ቁልፉ አጠገቤ ነበር እኮ! እጄን ብዘረጋ እደርስበታለሁ።

ከሳምንታት በኋላ እዚያው ማዕዘን ላይ የመብራቱን የብረት ሣጥን ከፍቶ የሚሠራ ቴክኒሻን አገኘሁና ነገሩን አወራሁት። አስፋልቱ ላይ ተቆርጠው የተደፈኑ መስመሮች አሳየኝ። «መኪናዋ እዚህ ላይ ስትቆም ከሥር ያለው ሽቦ ያውቃታል። አንተን ግን የሚያውቅህ የለም» አለኝ። ከዚያ ሂድና ተጫን አለኝ። ተጫንኩ። ሣጥኑ ውስጥ ትንሽ መብራት በራች። አምስት ጊዜ ደጋግሜ ተጫንኩ። ያቺው አንዷ ናት የበራችው፣ ሌላ የተለወጠ ነገር የለም።

የአዲስ አበባ ታክሲ ትዝ አለኝ። «ወራጅ አለ!» ስትይ ታክሲው እዚያው አይቆምም፣ መቆሚያው እስኪደርስ ትጠብቂያለሽ። አሥር ጊዜ ብትጮሂም ያው ነው። ዝም ካልሽ ግን ይዞሽ ያልፋል። ቁልፉም እንደዚያ ነው። ተራሽ ሲደርስ እንዳትዘለዪ ያስመዘግብሻል እንጂ ተራሽን አያፈጥነውም።

ሰዎች የማያውቁት ትልቁ ጥቅሙ ግን ሰዓቱ ነው። ካልተጫንሽ አረንጓዴው የሚለካው ለመኪና ነው፤ አንድ መኪና ብቻ ካለ በጥቂት ሰከንድ ያልቃል። ከተጫንሽ ለእግር ይለካል። በአሜሪካ መመሪያ ነጩ ሰውዬ በተለምዶ ቢያንስ 7 ሰከንድ ይበራል፤ ቀጥሎ እጁ ብልጭ ድርግም የሚልበት ጊዜ በሰከንድ 3.5 ጫማ ለሚራመድ ሰው ታስቦ ይሰላል። ስድስት ሌን ወደ 72 ጫማ ቢሆን 20 ሰከንድ ከምናምን ማለት ነው። (ብልጭ ድርግም ሲል አትጀምሪ፣ ከጀመርሽ ግን ጨርሺ ማለት ነው። ብዙ ሰው «ሩጪ» እያለው ይመስለዋል።)

ይህን ያወቅኩት በእናቴ ነው። ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ መጥታ፣ እኔ ቸኩዬ የጎን መንገዱ መኪና ሲሄድ አይቼ «ነይ እማዬ» ብዬ ይዣት ገባሁ። አልተጫንኩም። ሦስተኛው ሌን ላይ ስንደርስ የመኪኖቹ አረንጓዴ ጠፋ። ጉልበቷ እንደልብ አይታዘዛትም፣ ነጠላዋን በአንድ እጇ ይዛለች። ወዲያና ወዲህ የቆሙት መኪኖች መብራት በራላቸው። ደግነቱ ሁሉም ጠበቁን። ማዶ ስንደርስ ለደቂቃ ያህል አላናገረችኝም። ከዚያ በኋላ ምሰሶው ጋ ስንደርስ ከኔ ቀድማ እሷ ናት የምትጫነው።

ዲሲ መሃልም ቢሆን ቁልፉ ሁሉ በድን ነው አትበዪ። ጥቅ ጥቅ የሚል ድምፅ ያለው ዓይነት ለዓይነ ስውራን የተሠራ ነው። መሻገሪያ ሰዓት ሲሆን ላዩ ላይ ያለችው ቀስት ትንቀጠቀጣለች፣ በእጅ ትታወቃለች። ነጩ ሰውዬ በራሱ ጊዜ የሚበራበት ቦታ ላይ እንኳ ይህ ቁልፍ የራሱ ሥራ አለው።

የናንተ ሰፈሩን ለማወቅ አንድ እሁድ ማለዳ፣ ሌላ እግረኛ ሳይኖር ሳትጫኚ ቁሚ። ካንቺ ጋር ጎን ለጎን የሚሄዱት መኪኖች አረንጓዴ ሲበራላቸው ነጩ ሰውዬም አብሮ ከመጣ ባለቤትሽ ረታ። እጁ ካልወረደ አንቺ ረታሽ። አንድ ጊዜ ብቻ አይተሽ ግን አትፍረጂ፤ ቀን በራሱ የሚበራ ሆኖ ሌሊት ካልተጫኑት የማይበራ መብራት አለ።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ምሰሶው ላይ ሁለት ቁልፍ ካለ ቀስቱን እዪ። አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ፊት ነው። «ተጫንኩ፣ አልሠራም» ብለው ከሚያማርሩኝ ጓደኞቼ ግማሾቹ የተጫኑት የሌላውን መንገድ ነው። አረንጓዴው ከጀመረ በኋላ ከተጫንሽም አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጠርልሽ ለሚቀጥለው ዙር ነው፣ ስለዚህ ምሰሶው ጋ እንደደረስሽ መጀመሪያ ተጫኚ፣ ስልክሽን ከዚያ በኋላ ታይዋለሽ።