መስታወት ሁሉ አንድ አይደለም

ልጆቼ፣ ጅማ ውስጥ ፀጉሬን ያሸበትኩት ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ስለዚህ የምመክራችሁ በማውቀው በመስታወት ነገር ነው። ጉዳዩ ትንሽ ይመስላል። ግን ኬሚስትሪ ብትማሩ፣ ክሊኒክ ብትቀጠሩ፣ ሱቅ ብትከፍቱም ከእጃችሁ አይጠፋም። ጥርት ብሎ ስላያችሁት ብቻ አትመኑት። መጀመሪያ «ይሄ ምን ዓይነት ነው?» በሉ።

የመስኮቱ፣ የጠርሙሱና የሻይ ብርጭቆው መስታወት በአብዛኛው አንድ ቤተሰብ ነው። 70 በመቶ ገደማው ሲሊካ፣ ማለትም አሸዋ ነው። ንጹሕ ሲሊካ ለመቅለጥ 1,700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይፈልጋል። ሶዳ፣ ማለትም ሶዲየም ካርቦኔት፣ ሲገባበት ሙቀቱ ይወርዳል። በሶዳ ብቻ የተሠራ መስታወት ግን ውሃ ያሟሟዋል። ኖራ የሚጨመረው ለዚህ ነው። ዋጋው ርካሽ፣ ሥራው ብዙ፣ ግን ድንገተኛ ሙቀት አይችልም። ክረምት ላይ ቀዝቃዛ ብርጭቆ ውስጥ የፈላ ሻይ ሲቀዳ ቀጭ የሚለው የውስጡ ፈጥኖ ሲለጠጥ የውጪው ስለማይደርስበት ነው። እናቶቻችን ማንኪያ አስገብተው የሚቀዱት ዝም ብለው አይደለም። ማንኪያው ከሙቀቱ ይቀንሳል። ደግሞ ወፍራም ብርጭቆ ጠንካራ ይመስላችኋል እንጂ በሙቀት ቶሎ የሚሰነጠቀው እሱ ነው።

ቢከር የሚባለው የላብራቶሪ ብርጭቆ ሌላ ዘር ነው። ቦሮሲሊኬት ይባላል። መነሻው ጀርመናዊው ኦቶ ሾት እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ የሠራው ሥራ ነው። ቦሮን የሚባል ንጥረ ነገር ስላለበት ሲሞቅ የሚለጠጠው የተራውን ሲሶ ያህል ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1915 አሜሪካ ውስጥ ፓይሬክስ ተብሎ ለኩሽና ወጣ። ዛሬ በዚያ ስም የሚሸጠው ሁሉ ግን ቦሮሲሊኬት አይደለም። ስሙን አይታችሁ ብቻ እሳት ላይ እንዳትጥዱ።

እንዴት ይለያል? ለቆዳ የሚገዛውን ግሊሰሪን ታውቁታላችሁ። ንጹሑን፣ ውሃ ያልነካውን፣ ትንሽ ዕቃ ውስጥ አድርጉ። የመስታወት ዘንግ ወይም የቢከር ስባሪ በመቆንጠጫ ይዛችሁ ንከሩበት። ቦሮሲሊኬት ከሆነ የተነከረው በኩል ድራሹ ይጠፋል፤ ከላይ የቀረው ብቻ አየር ላይ የተንጠለጠለ ይመስላል። ተራ ከሆነ ጠርዙ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ብርሃን ግሊሰሪን ውስጥም ቦሮሲሊኬት ውስጥም ሲገባ የሚሰበረው በእኩል መጠን ነው፤ የሁለቱም የስብራት ቁጥር 1.47 ገደማ ነው። የተራው 1.52 ገደማ ስለሆነ ያጋልጠዋል። ለተማሪ ካሳየኋቸው ነገሮች ሁሉ እንደዚህ ያስገረመ የለም።

ወባ ለማየት ስላይድ ላይ ዘይት ጠብ የምናደርገው በዚሁ ምክንያት ነው። ዘይቱ ከመስታወቱ ጋር ይስማማል። በስላይዱና 100 ጊዜ በሚያጎላው የማይክሮስኮፕ ሌንስ መካከል አየር ሲቀር ብርሃኑ አይበተንም፤ ፓራሳይቷም ጥርት ትላለች። ዘይቱን «ለማለስለስ» የሚመስለው ተማሪ አሁንም አይጠፋም።

ቡና ላይ መሥራት የምትፈልጉ ደግሞ (ጅማ ላይ ተቀምጦ ይህን የማይፈልግ ወጣት ይኖራል? የመልኮው የቡና ምርምር ማዕከል እኮ ደጃችን ነው) ኳርትዝን እወቁ። ካፌይን በስፔክትሮፎቶሜትር፣ ማለትም ናሙናው ምን ያህል ብርሃን እንደዋጠ በሚለካ ማሽን፣ የሚለካው የሞገድ ርዝመቱ 273 ናኖሜትር አካባቢ በሆነ ብርሃን ነው። ይህ ዓይን የማያየው አልትራቫዮሌት ነው። ኩቬት በሚባለው የናሙና መያዣ፣ ከተራ መስታወት በተሠራው ውስጥ፣ ናሙናውን ብትጨምሩ ብርሃኑን መስታወቱ ራሱ ይውጠዋል። ማሽኑ ቁጥር ይሰጣችኋል፤ ቁጥሩ ግን የካፌይኑ አይደለም። ኳርትዝ ከንጹሕ ሲሊካ ስለሆነ ያሳልፈዋል። ሁለቱን ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው በዓይን አይለዩም። ዋጋቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ነው፤ ስትይዙት ተጠንቀቁ።

ኮስቲክ ሶዳ መስታወት ጠርሙስ ውስጥ አታቆዩ። ቀስ ብሎ መስታወቱን ይበላዋል፤ የመስታወት ክዳን ከሆነ ደግሞ ተጣብቆ ይቀራል። ፕላስቲክ ይሻላል።

የሱቅ በር የምታሠሩ፣ በሙቀት የጠነከረው መስታወት አንዴ ከወጣ በኋላ አይቆረጥም። 600 ዲግሪ አልፎ ሞቆ በአየር በድንገት ስለቀዘቀዘ ውስጡ ታጥቆ ነው ያለው። ጠርዙን ሲመቱት ወይም ሊቆርጡት ሲሞክሩ ሙሉው ይረግፋል፣ እንደ በቆሎ ፍሬ። ልኩን ከማዘዛችሁ በፊት ጨርሱ። የመኪና የፊት መስታወት ግን መሐሉ ፕላስቲክ ስላለው ይሰነጠቃል እንጂ አይረግፍም።

ኢንተርኔቱም በመስታወት ክር ነው የሚመጣው። መንገዱን በጥናት ያሳየው ቻርልስ ካኦ እ.ኤ.አ. በ2009 ኖቤል ተሸልሟል። ደግሞ መስታወትን ከፈረንጅ ያመጣነው አይምሰላችሁ። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለው ባልጩት የእሳተ ገሞራ መስታወት ነው። የጥንቱ ሰው እዚያው መሣሪያ ይጠርብበት ነበር።

አንድ ሙያ ልጠቁማችሁ። የቡሬት (ፈሳሽ እየለካ የሚያንጠባጥብ ቱቦ) ጫፍ ሲሰበር፣ የኮንደንሰር (እንፋሎት አቀዝቅዞ ፈሳሽ የሚያደርግ ዕቃ) ቱቦ ሲነቃ ዕቃው ወደ ቆሻሻ ይሄዳል፤ ምትኩ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል። ቦሮሲሊኬት በኦክስጅንና በጋዝ ነበልባል ይለሰልሳል፣ ይቀጠላል። ከተቀጠለ በኋላ ምድጃ ውስጥ ወደ 560 ዲግሪ ገብቶ ቀስ ብሎ መብረድ አለበት፤ አለዚያ ከቀናት በኋላ ራሱ ይሰነጠቃል። እጅ ይፈልጋል፣ ትዕግሥት ይፈልጋል፣ ለነበልባል ሥራ የተሠራ የዓይን መከላከያ መነጽርም ይፈልጋል። ትምህርት ቤቶችና የጤና ተቋማት መጋዘን ውስጥ የሚጠብቀው ስባሪ ብዙ ነው። ለመለማመጃ ብትጠይቁ አይከለክሏችሁም።