ትምህርቱም ጊዜ ገዳዩም በአንድ ስልክ ሲገናኙ፦ ጥያቄና መልስ

በኢንተርኔት የሚማሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስለ ስልክና ስለ ኮምፒውተር አጠቃቀም ካቀረቧቸው ጥያቄዎች መካከል ተደጋግመው የመጡትን ከዚህ በታች መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ሌክቸሩም፣ አሳይመንቱም፣ የክፍል ቡድኑም ያለው ስክሪን ላይ ነው። ታዲያ «የስክሪን ሰዓት ቀንሱ» የሚለው ምክር ለእኔ ምን ይጠቅመኛል?

መልስ፦ እንደ እውነቱ ከሆነ ብዙም አይጠቅምዎትም። ሦስት ሰዓት ሌክቸር የተከታተለና ሦስት ሰዓት አጫጭር ቪዲዮ ሲያይ የዋለ ሰው በስልኩ ሰዓት ቆጣሪ ዘንድ እኩል ናቸው። ስለዚህ ሰዓቱን ትተው እያንዳንዱ መተግበሪያ የትኛውን ሥራ እንደሚሠራልዎ ይጠይቁ። ሥራ የሌለው ይሰረዝ፤ ሥራ ያለው ደግሞ መቼና በየትኛው መሣሪያ እንደሚከፈት አስቀድሞ ይወሰንለት። ከሁሉ የሚያስቸግሩት ሁለቱንም የያዙት ናቸው፤ ለምሳሌ የክፍሉ ቡድንና የቀልድ ቻናሉ በአንድ ቴሌግራም ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። እዚያ ላይ የትምህርቱን ቡድኖች ለብቻቸው በአንድ ፎልደር ሰብስቦ የቀሩትን ወደ አርካይቭ መላክ መተግበሪያውን ከመሰረዝ የተሻለ መፍትሔ ነው።

ጥያቄ፦ ማሳወቂያ ካጠፋሁ መምህሩ የማስረከቢያ ቀን ሲቀይር ያመልጠኛል ብዬ እፈራለሁ።

መልስ፦ ፍርሃትዎ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን አንድን መልእክት ላለማጣት ሲባል የመቶ ሰው ወሬ መስማት ግዴታ አይደለም። በቴሌግራም የቡድኑን ድምፅ ቢዘጉም፣ ስምዎ ተጠቅሶ ሲጻፍልዎ ወይም ለጻፉት ነገር ምላሽ ሲሰጥ ማሳወቂያው ይደርስዎታል። የቡድኑ አስተዳዳሪም አንድን መልእክት ከላይ ሲሰካው ለሁሉም አባል እንዲያሳውቅ ማድረግ ይችላል። የክፍል ተወካያችሁ የቀን ለውጦችን ሁሉ በዚህ መንገድ እንዲያሳውቅ ብትስማሙ ችግሩ በአብዛኛው ይቃለላል። ትምህርቱ ሙድል በሚባለው የኢንተርኔት ትምህርት መድረክ የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ የማስረከቢያ ቀኖቹን ወደ ስልክዎ የቀን መቁጠሪያ ማስገባት ይቻላል።

ጥያቄ፦ በዙም ክፍል እያለሁ ሌላ ገጽ ብከፍት ምን ይጎዳኛል? እያዳመጥሁ እኮ ነው።

መልስ፦ ድምፁን ይሰማሉ፤ ትምህርቱን ግን መከተልዎ ያጠራጥራል። እ.ኤ.አ. በ2009 ሶፊ ለሮይ የተባለች ተመራማሪ እንዳሳየችው፣ ሰው አንዱን ሥራ ሳይጨርስ ወደ ሌላው ሲሻገር የሐሳቡ ከፊል በፊተኛው ሥራ ላይ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ፣ በካናዳ የተደረገ ጥናት ደግሞ በሌክቸር መካከል በላፕቶፕ ሌላ ሥራ የሠሩ ተማሪዎች በፈተናው ዝቅ ያለ ውጤት እንዳገኙ አሳይቷል፤ የሚገርመው የእነርሱን ስክሪን ማየት በሚያስችል ቦታ የተቀመጡትም ውጤታቸው መውረዱ ነው። ይህን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ለሚማሩ ጓደኞችዎ ቢነግሯቸው አይከፋም።

ጥያቄ፦ ስልኩን ደፍቶ ማስቀመጥ ይበቃል?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ2017 በኦስቲን የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የስልኩ በአጠገብ መኖር ብቻውን የማሰብ አቅምን እንደሚሻማ ጽፈዋል፤ ከዚያ በኋላ የተደረጉ ሙከራዎች ሁሉ ግን ያንኑ ውጤት አላገኙም። እኔ በዚህ ክርክር ላይ ጊዜ አላጠፋም፤ ሌላ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ምንም ስለማያስከፍል ያንን እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ያለኝ አንድ ስልክ ብቻ ነው፤ የምማረውም የምዝናናውም በእርሱ ነው።

መልስ፦ የእርስዎ ሁኔታ ከሁሉም ይከብዳል፤ የሚሰጡት ምክሮች አብዛኞቹ ላፕቶፕ ላለው ሰው የታሰቡ ናቸውና። እኔ የምመክረው ወደ መዝናኛው የሚወስደውን መንገድ ማስረዘም ነው። የማኅበራዊ ሚዲያ መተግበሪያዎቹን ሰርዘው በብሮውዘር ብቻ ይጠቀሙ፤ በጨረሱ ቁጥር ከአካውንትዎ ይውጡ፤ የይለፍ ቃሉም ስልኩ ላይ አይቀመጥ። በየጊዜው የይለፍ ቃል መጻፍ አሰልቺ ስለሆነ ያለ ሐሳብ የሚደረገው መክፈት ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2006 አዛ ራስኪን የተባለ የሶፍትዌር ንድፍ ባለሙያ የፈጠረው ማለቂያ የሌለው ገጽ (ወደ ታች በተሳበ ቁጥር አዲስ ነገር የሚያመጣው) ተጠቃሚው ቆም ብሎ መወሰን ሳያስፈልገው እንዲቀጥል ስለሚያደርግ፣ ውሳኔውን ገጹን ከመክፈትዎ በፊት ማድረግ ይኖርብዎታል። የተቀዱ ሌክቸሮችን አስቀድመው አውርደው ኢንተርኔቱን ዘግተው ይመልከቱ፤ በየመሐሉም ቪዲዮውን አቁመው የተባለውን ሳያዩ ወረቀት ላይ ለመጻፍ ይሞክሩ። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት ከሳምንት በኋላ የበለጠ ያስታወሱት ደጋግመው ያነበቡት ሳይሆኑ ራሳቸውን የፈተኑት ናቸው።

ጥያቄ፦ ቶሎ ስለማልመልስ ጓደኞቼ ተቀይመውኛል።

መልስ፦ መልእክት የሚያዩበትን ሰዓት ይንገሯቸው፤ ለአስቸኳይ ጉዳይ ደግሞ ይደውሉልዎ። «አትረብሹኝ» የሚለውን ሲያበሩ የመረጧቸው ሰዎች ጥሪ እንዲያልፍ ማድረግ በአንድሮይድም በአይፎንም ይቻላል።