የአንባቢያን ጥያቄ፦ ለስኬትቦርድና ለቢ.ኤም.ኤክስ በዓል ጎዳና ማሰናዳት

ጥያቄ፦ የሰፈር ልጆች ተሰባስበን የአንድ ቀን የስኬትቦርድና የቢ.ኤም.ኤክስ (የዝላይ ብስክሌት) በዓል ልናዘጋጅ አስበናል። መንገድ እናዘጋ ወይስ ደረቁ የደቻቱ ወንዝ ይሻላል? አሸዋው ለብስክሌት ዝላይ ይመቻል የሚሉ አሉ። (ከከዚራ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ደቻቱን ተዉት። ጎርፉ የሚወርደው ከደጋው ስለሆነ ድሬ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ደንገጎ በኩል የጣለው ዝናብ ሊደርስባችሁ ይችላል። የ1998ቱ የክረምት ጎርፍ ሰው በተኛበት ሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ነፍስ አጥፍቷል። ደግሞም ደረቅ አሸዋ አይረጋም፤ የመዝለያ ቁልል የሚሠራው እርጥበት ካለው ሸክላማ አፈር ነው።

የከዚራ ጎዳናዎች ቀጥ ያሉና ጥላ ያላቸው ስለሆኑ ይመቻሉ። ሜዳማ የሆነ 60 ሜትር ያህል ይበቃችኋል። ትልቁ ሥራ መጥረግ ነው፤ ዋዜማውን ማታ፣ ከዚያም በበዓሉ ጠዋት እንደገና። የስኬትቦርድ ጎማ ቁመቱ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ጠጠር ሲገጥመው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ነጂው ወደ ፊት ይወረወራል።

ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ሰዓት፣ ከዚያ ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ አድርጉት። በመሃሉ አስፋልቱና ብረቱ ስለሚግል የወደቀ ልጅ ቆዳው ይቃጠላል። የበርጫ ሰዓትም ስለሆነ የሰፈሩ ሰው ጫጫታውን አይወደውም።

ከቀበሌና ከትራፊክ ፖሊስ ፈቃድ ካገኛችሁ በኋላ መንገዱን በገመድ ብቻ አትዝጉ፤ ባለ ሞተርና ባለ ባጃጅ ላያየው ይችላል። በርሜል ደርድሩ፣ በየጫፉ ሰው አቁሙ፣ ለአምቡላንስ ማለፊያ ተዉ። ስኬትቦርድና ብስክሌት በአንድ ራምፕ (የመንጃ ተዳፋት) ላይ አብረው አይግቡ፤ ከእግር ያመለጠ ቦርድ ብስክሌቱ ጎማ ሥር ይገባል። በ20 ደቂቃ ተራ አፈራርቋቸው። መግቢያው ላይ ሄልሜት ብቻ ሳይሆን የብስክሌቱን መሪ ጫፍ ፈትሹ። ክዳኑ የወለቀ ቱቦ ሲወድቁበት ሆድ ይበሳል፤ ክዳን የሌለው አይግባ።

ጥያቄ፦ አናጺ የሠራልን ራምፕ ሲገቡበት ታች ላይ ጎማ ይይዛል፤ ኮምፔርሳቶውም በሳምንቱ ሰመጠ። ምን ጎደለው? (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ጎማ የሚይዘው የኮምፔርሳቶው ጠርዝ ነው። የ9 ሚሊ ሜትር ደረጃ እንኳ ትንሽ ጎማ ያስቆማል። 3 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ላሜራ ግማሹ ኮምፔርሳቶው ላይ፣ ግማሹ አስፋልቱ ላይ እንዲተኛ አድርጉ፤ የብሎኖቹ ራስ ወደ ውስጥ ይስመጥ።

የሰመጠው ደግሞ ሞራሌዎቹ ተራርቀው ስለተመቱ ነው። በየ20 ሴንቲ ሜትሩ አንድ ሞራሌ ያስፈልጋል። ከላይ አንድ ወፍራም ኮምፔርሳቶ ከማጠፍ ሁለት ባለ 6 ሚሊ ሜትር ደርባችሁ ምቱ፣ የላይኛውና የታችኛው መገጣጠሚያ ግን አንድ መስመር ላይ አይዋል። ወፍራሙ በግድ ሲታጠፍ ብሎኑን እየነቀለ ይነሳል።

ቅስቱም በዓይን ግምት ከሆነ የተሠራው እንደገና ይሳል። ሚስማር ምቱና 2 ሜትር ገመድ አስራችሁ በእርሳስ አዙሩ። በ90 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ብትቆርጡት ቅስቱ 2 ሜትር ያህል ስለሚረዝም 2.44 ሜትሩ ኮምፔርሳቶ ያለ ቅጥያ ይሸፍነዋል። የላይኛው ጫፉ ላይ ባለ 2 ኢንች የብረት ቱቦ አስሩ፤ ከገጹ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ይውጣ። ከዚያ ከበለጠ ሲመለሱ ጎማ ይንጠለጠልና ነጂው ይወድቃል።

ጥያቄ፦ ልጄ በጁገል ቁልቁለት በስኬትቦርድ ይወርዳል። ጎማው ድንጋዩ ላይ ክፉኛ ይንቀጠቀጣል፤ ምን ልግዛለት? (እናት፣ ከሐረር)

መልስ፦ እመቤቴ፣ በጁገል ውስጥ አይውረድ። መንገዱ ጠባብ ነው፣ መታጠፊያው ሰው አያሳይም፣ የድንጋዩ ስንጥቅም ጎማ ይይዛል። ከግንቡ ውጭ ባለ ሜዳማ አስፋልት ይለማመድ። ለሻካራ አስፋልት 99ኤ የተባለው ጠንካራ ጎማ አይሆንም፤ ከ56 እስከ 60 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ 78ኤ ገደማ ለስላሳ ጎማ ይግዙለት። ትልቅ ጎማ ቦርዱን ከነካ ድንገት ስለሚያስቆም በቦርዱና ጎማውን በያዘው ብረት መካከል 6 ሚሊ ሜትር የሚሆን የጎማ ንጣፍ ይግባ። ከገጠሙ በኋላ ቦርዱ ጠርዝ ላይ በሙሉ ክብደቱ ይቁምበት፤ ጎማው እንጨቱን የሚነካ ከሆነ ንጣፉን ያወፍሩ።